የላንቴ ሙዝ፣ የጋሽ ቦጋለ ክር

በጡረታ የተሸኘሁ ዕለት አቶ ጌታሁን ቀልድ ተናገረ። የሠራሁበት ጋራዥ የቀድሞ ኃላፊ ስለሆነ የክብር እንግዳ ተብሎ ከፊት ተቀምጦ ነበር። ማይክሮፎኑን ተቀበለና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወርቅነሽን ስንሸኝ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ» አለ። «ይቺ እናታችን የአይሱዙ ዲፈረንሻል ውስጥ በዘይት ፈንታ ሙዝ ሞልታ ወደ ጨንቻ ዳገት የሸኘች ባለሙያ ናት!»

ሰው ሳቀ። በእኔ ዕድሜ ያሉትም ሳቁ፣ ከተቀጠሩ ዓመት ያልሞላቸውም ሳቁ። በእጄ የለስላሳ ጠርሙስ ይዤ ነበር፤ እንዴት አድርጌ ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀመጥሁት አላውቅም። በዚያ መኪና የተነሳ አንድ ሰው እግሩን አጥቷል። በዚያ መኪና የተነሳ የእኔ ስም ሙዝ ከሚመረትበት ከላንቴ እስከ ሲቀላ ገበያ ድረስ ጠፍቷል። ይህ ሁሉ ኬክ እስኪቆረስ መሳቂያ ይሆናል ብዬ በሕልሜም አላሰብሁም።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ቀልድ መልስ ነው። ሁሉንም አልናገርም። ትዳሬንና ልጆቼን የሚመለከት ነገር የሚፈልግ ሰው እዚህ አያገኝም። የመሥሪያ ቤቱንም ስም አልጠራም። አቶ ጌታሁንን አንቱ የማልለው ግን ረስቼ አይደለም።

ሥራ የጀመርሁት ወደ ጨንቻ በሚወጣው መንገድ ላይ በነበረ የመንገድ ሥራ ካምፕ ነው። ከማሽኖች የተፈታ ዕቃ በናፍጣ ማጠብ ነበር ሥራዬ። ፎርማኑ ስሜን ለማወቅ አልደከመም፤ «አንቺ ናፍጣ!» ብሎ ይጠራኝ ነበር። ካምፑ ሲነሳ ሲቀላ ወዳለው ጋራዥ ተዛወርሁ። እዚያም ያው ዕቃ አጣቢ ነበርሁ። ደመወዙን አልጽፈውም፤ የሚነገር አልነበረም።

የጋራዡን ነባር መካኒክ፣ ጋሽ ቦጋለን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። የዶርዜ ሰው ናቸው፣ የሸማኔ ልጅ። ጣታቸው ረጅም ነው፤ ሲሠሩም ጥበብ እንደሚሠራ ሰው ዝም ብለው ነው። አንድ ቀን ከመኪና ሥር የወጣ ታፖ፣ የዘይት ቀዳዳ የሚዘጋውን ትልቅ ብሎን ማለቴ ነው፣ አንስቼ በናፍጣ ልነክረው ስል መኪና ከላዩ ከሚቆምበት የሥራ ጉድጓድ ውስጥ ጮኹ።

«አታጥቢው! ገና አላነበብኩትም!»

ደንግጬ ቆምሁ። ወጡና ታፖውን ከእጄ ተቀበሉ። ጫፉ ላይ ማግኔት አለው፤ በማግኔቱ ላይ ግራጫ ነገር ተለጥፏል። በጣታቸው አሽተው ወደ ፀሐይ ያዙት።

«እዪ፤ እንደ አመድ ከላመ የማርሹ ጥርስ ጤነኛ ነው፤ እንዲሁ እየተሻሸ ኖሯል። ቅርፊት ቅርፊት ካለው ውስጥ የሚሰበር ነገር አለ። መኪና አፍ የለውም፤ የሚናገረው በዚህ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ጉድጓዱ እወርድ ጀመር። የካምቢዮና የዲፈረንሻል፣ የኋላ ጎማ የሚያዞረው ማለቴ ነው፣ ዘይት መቀየር ቀላል ሥራ ይመስላል። አፍስስ፣ ሙላ፣ ዝጋ። ወንዶቹ ይንቁት ነበር፤ ሞተር ካልከፈቱ የሠሩ አይመስላቸውም። ስለናቁት ለእኔ ተረፈ።

ጋሽ ቦጋለ ቀዝቃዛ ዘይት አያፈስሱም ነበር። መኪናው ላንቴ ደርሶ እንዲመለስ ያደርጋሉ፤ ዘይቱ ሲሞቅ ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል። ከዚያ ደልዳላ መሬት ላይ ያቆሙታል። ከዚያ፣ ምንም ቢቸኩሉ፣ አስቀድመው የሚፈቱት የላይኛውን መሙያ ታፖ ነው። የታችኛውን አፍስሶ ላይኛው ዝጎ እምቢ ያለው ሰው ባዶ መኪና ታቅፎ ይቀራል። «መመለሻውን ሳያይ የኩልፎን ወንዝ የሚሻገር ሰው አለ» ይሉ ነበር፤ «እንዲህ ያለው ዘይት አይቀይርም።»

በማሽተት አስተማሩኝ። የዲፈረንሻል ዘይት ድኝ ድኝ ይላል፤ የተቃጠለ እንደሆነ ሌላ ሽታ አለው። በአባያ ሐይቅ ዳር በጭቃ መንገድ የከረመ መኪና ሲመጣ ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ይወርዳል፤ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ያን ጊዜ ዘይት መቀየር ብቻ አይበቃም፤ ከላይ ያለችው ትንሽ መተንፈሻ በጭቃ ተደፍና እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። የዲፈረንሻሉን ዘይት ለካምቢዮ አይሰጡም፤ ካምቢዮ ውስጥ ያለውን ቢጫ ብረት ይበላዋል። ሲሞሉም እስከ ቀዳዳው አፍ ነው። ትንሿን ጣታቸውን አስገብተው ያጥፏታል፤ ጫፏ ከረጠበ በቃ።

አንድ ልማድ ደግሞ ነበራቸው፣ ማንም የሌለው። በደረት ኪሳቸው የጥጥ ክር ድቡልቡል ይይዙ ነበር፤ እናታቸው የፈተሉት። የታፖው ጥርስ የተበላ እንደሆነ ክሩን በግራሶ ለውሰው ይጠመጥሙበትና ያጠብቁታል። ጠብ አይልም። እኔንም አስተማሩኝ። እኔ ግን የሚፈትልልኝ ሰው ስላልነበረ ከሲቀላ ገበያ የፋብሪካ ክር ገዛሁ። ይህን ልብ በሉልኝ።

ሚሊኒየሙ ሊከበር ጥቂት ወራት ሲቀሩት ጋራዡ ያረጁ መኪኖችን በጨረታ ሊሸጥ ተነሳ። ከመካከላቸው አንድ አይሱዙ ነበር። ነዳጅ ሲሰጡት ያለቅሳል፤ ሲለቁት ያቃስታል። የዲፈረንሻሉን ዘይት ቀይሪ ተባልሁ። ሳፈሰው እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ነገር አብሮ ወረደ። ማግኔቱ ላይ የጥርስ ስባሪ ተለጥፏል። አዲስ ዘይት ሞላሁ፣ ዘጋሁና ስባሪውን በመዳፌ ይዤ አቶ ጌታሁን ቢሮ ገባሁ።

«ይሄ መኪና ለዳገት አይሸጥም» አልሁት። «ጥርሱ አልቋል።»

«ዘይቱን ቀየርሽ?»

«ቀይሬያለሁ። ግን…»

«እንግዲያው ጨርሰሻል። አዋላጅ ታዋልዳለች እንጂ የልጁን ዕድል አትተነብይም። ይሄን ቆሻሻ ጠረጴዛዬ ላይ እንዳታስቀምጪ።»

ወጣሁ። ለጋሽ ቦጋለ ነገርኋቸው። ስባሪውን አገላብጠው አዩትና «እኔ አየዋለሁ» አሉኝ። እሳቸው ካዩት ዳነ ብዬ ተውሁት።

በጨረታው ቀን የላንቴ ሙዝ አምራቾች ማኅበር ሰዎች መጡ። ሾፌራቸው ማርቆስ የሚባል ቀጭን ጎልማሳ ነበር። አይሱዙውን አስነስቶ ግቢውን ዞረ፤ ጆሮውን በመስኮት አውጥቶ ያዳምጣል። እኔም አዳመጥሁ። ጸጥ ብሏል። ያ ሁሉ ለቅሶ የለም።

«የቄስ በቅሎ ነው እንጂ መኪና ነው ይሄ!» አለ ማርቆስ እየሳቀ። ገዙት።

«ጋሼ፣ ምን አደረጉት?» አልኋቸው።

«አስተካከልኩት» አሉ። እጃቸውን እየጠረጉ ነበር፤ ቀና ብለው አላዩኝም። ትሕትና መሰለኝ። ሙያቸው ገርሞኝ ለሁለትና ለሦስት ሰው አወራሁ።

ማርቆስ ከላንቴ ሙዝ ጭኖ ጨንቻ ያራግፋል፤ ሲመለስ ድንችና ፖም ይጭናል። ክረምቱ ሲጠነክር፣ ድንች ጭኖ ቁልቁለቱን ሲወርድ፣ የኋላ ጎማዎቹ በድንገት ተያዙ። ፍሬን አልረገጠም፤ ጎማው ራሱ ነው የቆመው። መኪናው በጭቃው ላይ እንደ ሳሙና ተንሸራቶ ከመንገድ ወጣና በጎኑ ወደቀ። ሰዎች ደርሰው ማርቆስን ሲያወጡት እግሩ ከበሩ ሥር ነበር። ሐኪሞቹ ሊያተርፉት አልቻሉም፤ ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት።

አይሱዙው ተጎትቶ ጋራዡ ግቢ ገባ። ኮሚቴ ተቋቋመ። የላንቴ ሰዎችም መጥተው አጥሩን ተደግፈው ቆሙ፤ የማርቆስ እናት ከፊት ናቸው። ዲፈረንሻሉን እንድከፍት ታዘዝሁ።

እንደ ልማዴ የላይኛውን ፈታሁ። ቀጥሎ የታችኛውን። ዘይት አልወረደም። ጠብታም የለም። ሽቦ አስገብቼ ቆሰቆስሁ። ጥቁር፣ የተጋገረ፣ ጭረት ጭረት ያለው ነገር እየተቆረሰ መዳፌ ላይ ወደቀ። ድኝ ድኝ አላለኝም። አረረ፣ ኮመጠጠ፣ ሌላም የማውቀው ሽታ አለው፤ ግን ከመኪና ጋር አገናኝቼው ስለማላውቅ ስሙ አልመጣልኝም።

የማርቆስ እናት ቀረቡ። ከመዳፌ ቆንጥረው አሸተቱ።

«ሙዝ ናት» አሉ። «የኛ ሙዝ ናት ይቺ።»

ያለቀ ጥርስ ውስጥ የተፈጨ ሙዝ ቢጨምሩበት ዘይቱን እንደ ሙጫ አወፍሮ ድምፁን ያፍናል፤ ለጥቂት ጊዜ። ከዚያ ያርራል፣ ይደርቃል፣ ጥርሱን ያለ ዘይት ያስቀረዋል። ይህን አሁን አውቃለሁ። ያን ቀን ግን እንዲህ ያለ ነገር የሚያስብ ሰው በምድር ላይ ይኖራል ብሎ የነገረኝ አልነበረም። ሙዝ አምራቾቹን በገዛ ሙዛቸው አታለሏቸው።

አቶ ጌታሁን ፈጥኖ ተናገረ። «ዲፈረንሻሉን መጨረሻ የከፈተው ማን ነው?»

ያን ጊዜ ነው የላይኛውን ታፖ ያየሁት። ጥርሱ ላይ ክር ተጠምጥሟል። እኔ ስዘጋው አዲስ የነሐስ ማሸጊያ ቀለበት አድርጌበት ነበር፤ ክር አልጠመጠምሁም። በጥፍሬ ጎትቼ በጣቴ አሸሁት። አንዱ ቦታ ወፈር፣ አንዱ ቦታ ቀጠን ይላል። የእጅ ፈትል ነው።

ጋሽ ቦጋለ በመኪናው ጎን ቆመዋል። ታፖውን አነሳሁላቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ ክር የማን ነው?»

አዩት። ለረጅም ጊዜ አዩት። ሁሉም እሳቸውን ይጠብቃል።

«የኔ አይደለም» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሰምቻለሁ። እንደዚያ ቃል ያለ ነገር ጆሮዬ አልገባም። ሰው በአፉ ሌላ ሰው ከገደል ሲገፋ ድምፁ እንዲህ ዝግ ያለ ነው ብዬ አልገመትሁም ነበር።

አቶ ጌታሁን ሳቅ አለ። «በዚህ ጋራዥ ክር የሚጠመጥም ሰው ሁለት ነው። አንዱ የኔ አይደለም ካለ የቀረው ማን ነው? ደቀ መዝሙሯ አይደለችም እንዴ?»

ክሩ የፋብሪካ እንዳልሆነ፣ የእኔ ክር ከገበያ የተገዛ እንደሆነ ተናገርሁ። የኮሚቴው ሰው ክሩን ተቀብሎ አየና በግራሶ የጠቆረ ክር ሁሉ አንድ ነው ብሎ ጣለው። ጮኽሁ። ስጮኽ ይባስ ጥፋተኛ መሰልሁ። የማርቆስ እናት ዓይኔን አዩና ፊታቸውን አዞሩ።

ወደ ናፍጣው በርሜል ተመለስሁ። ዓመታት ሌሎች የፈቱትን አጠብሁ። እሱን ቻልሁት። ያልቻልሁት የሲቀላ ገበያን ነው። ሙዝ የሚሸጡት የላንቴ ሴቶች ናቸው፤ እኔ ስቀርብ የሙዝ ቅጠሉን በሙዙ ላይ ያለብሱታል። «አልቋል እህቴ» ይላሉ፣ ሙዙ ከቅጠሉ ሥር እየታየ። አንዷ ከኋላዬ፣ «ለመኪናዋ ነው የፈለገችው!» ብላ ስትስቅ ሰምቻለሁ።

አቶ ጌታሁን በዕድገት ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወረ። በዕድገት። የተተካው ኃላፊ ትንሽ ሰው አልነበረም፤ የእጄን ሥራ አይቶ ወደ ጉድጓዱ መለሰኝ። ከዚያ በኋላ በእጄ የወጣ ካምቢዮም ዲፈረንሻልም አልተመለሰብኝም። ግን አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር አንዱ ጠጋ ብሎ የሙዙን ታሪክ ይነግረዋል፤ በማግስቱ ልጁ ሲያየኝ ከንፈሩን ነክሶ ነው።

ጋሽ ቦጋለ ጡረታ ወጡ። ጌታን ተቀብለው ነበርና የቤተ ክርስቲያናቸውን ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ላኩብኝ። በቤት ውስጥ፣ በጸሎት፣ በስውር እንታረቅ ነው የሚሉት። እኔ የማርያም ልጅ ነኝ፤ ጸሎት አልንቅም። ነገር ግን፣ «ባፈሰሱበት አደባባይ ይሙሉት» ብዬ መለስኋቸው። ሽማግሌዎቹ ልበ ደንዳና አሉኝ። ይበሉኝ።

ወደ ሽኝቱ ልመለስ። አቶ ጌታሁን ቀልዱን ተናግሮ ሰው ሲስቅ፣ ጋሽ ቦጋለ ከጡረተኞቹ ጋር ከኋላ ተቀምጠው ነበር። በሳቁ መካከል ተነሥተው ወጡ። እንደ ልማዳቸው ሸሹ አልሁ በልቤ።

ኬኩ ሳይቆረስ ተመለሱ። ከጋራዡ ቧንቧ ሥር፣ እኔ ዕቃ ሳጥብ ከኖርሁበት ቦታ፣ የነጩት እርጥብ ሳር በሁለት እጃቸው ነው። ውሃው ይንጠባጠባል። በሰዉ መካከል መጡና ሳሩን እግሬ ሥር አስቀምጠው ተንበረከኩ።

የጋሞን ባህል ለማያውቅ ልንገር። ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ ያንን ሳር ተራምዶ የሚያልፍ የለም። ጦር የያዘ ጎረምሳ እንኳ ይቆማል። ሽማግሌዎች ግን ለሌላ ሰው ጥል ነው ተሰብስበው የሚንበረከኩት፤ ለብቻው፣ ለራሱ በደል፣ በሴት እግር ሥር የተንበረከከ ሽማግሌ አይቼ አላውቅም። ጋሽ ቦጋለ ደግሞ ጌታን ከተቀበሉ ወዲህ ይህን ባህል የድሮ ነገር ነው ይሉ ነበር።

«ኧረ ይነሱ ጋሽ ቦጋለ!» አለ አቶ ጌታሁን። «ዛሬ የደስታ ቀን ነው!»

ጋሽ ቦጋለ ወደ እሱ አልዞሩም። እኔን እያዩ ተናገሩ።

«ሙዙን ያመጣልኝ እሱ ነው። የላጥኩት እኔ ነኝ፤ የፈጨሁትም እኔ ነኝ። ለጨረታው ቀን ብቻ ነው፣ ገዢዎቹ ወዲያው አጥበው ዘይት እንዲሞሉ እነግራቸዋለሁ አለኝ። አልነገራቸውም። አለመንገሩን ሳውቅ እኔም አልነገርኳቸውም። ጡረታዬን ያግድብኛል ብዬ ፈራሁ። ክሩ የኔ ነው፤ የእናቴ ፈትል ነው። የእናቴን ክር ካድኩት።»

ማንም አልሳቀም። አቶ ጌታሁን ማይክሮፎኑን በእጁ እንደያዘ ረስቶት ነበር፤ ሲተነፍስ ከድምፅ ማጉያው ይሰማል። ያንን ትንፋሽ አዳራሹ ሙሉ ሰማው። ከዚያ ማይክሮፎኑን ወንበር ላይ አድርጎ ባርኔጣውን ከጠረጴዛው ሳያነሳ ወጣ።

«ይቅር በያቸው!» አለ አንዱ። «እማማ ወርቄ፣ ይቅር በይ፤ ሽማግሌ ናቸው እኮ!» አለ ሌላው። ከደቂቃ በፊት ሲስቁ የነበሩት ናቸው። እንዴት እንደሚፈጥኑ!

ስጠብቀው የኖርሁት ቃል ይህ ነበር። ሲመጣ ግን ደስታ አልሰማኝም፤ ደንዝዤ ነበር። የተንበረከከውን ሽበት አየሁ፣ ሳሩን አየሁ። ከዚያ የታየኝ የሌላ ሰው እግር ነው።

«ጋሼ፣ ይነሱ» አልሁ። «ሳሩን አልራመድም። ነገር ግን የኔ ሳር አይደለም። ያንሱትና ላንቴ እንውሰደው።»

«ዛሬ?»

«አሁን። ሳይደርቅ።»

ሲሸልሙኝ ያለበሱኝን ቡልኮ እንደደረብሁ ወጣሁ። እሳቸው ሳሩን ታቅፈው ተከተሉኝ። ባጃጅ ያዝን። ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ሳሩ ጉልበታቸው ላይ ነው። ከሲቀላ ወጥተን ባጃጁ ፍጥነት ሲጨምር ከሥሩ አንድ ድምፅ ተነሣ፤ ነዳጅ ሲሰጠው ያለቅሳል፣ ሲለቀው ያቃስታል።

«ሰማሽው?» አሉኝ።

«ሰማሁ» አልሁ።

ላንቴ እስክንደርስ የተነጋገርነው ይኸው ብቻ ነው።

የማርቆስ እናት ከደጃቸው ተቀምጠው ሙዝ ከግንዱ ላይ ይለያሉ። ማርቆስ ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አጠገባቸው አለ። ከባጃጁ መጀመሪያ የወረድሁት እኔ ነበርሁ። እናትየው አዩኝና እንደ ሁልጊዜው ፊታቸውን አዞሩ።

ከዚያ ጋሽ ቦጋለ ሳሩን ይዘው ወረዱ። እናትየው የሳሩ ሽታ ደረሳቸው መሰለኝ፤ ፊታቸውን መለሱ።